ባርባራ ሄፕዎርዝ

ባርባራ ሄፕዎርዝ (ሙሉ ስም፦ ጆስሊን ባርባራ ሄፕዎርዝ፤ ጥር 2 ቀን 1895 ዓ.ም. – ግንቦት 12 ቀን 1967 ዓ.ም.) በእንጨት፣ በድንጋይና በነሐስ የሠራች እንግሊዛዊት ቀራፂ ነበረች። ከአገሯ ሰው ከሄንሪ ሙር ጋር በ20ኛው ክፍለ ዘመን የብሪታንያን ቅርፃ ቅርፅ ከቀየሩት ሰዎች አንዷ ናት። አብዛኞቹ ሥራዎቿ የሰው ወይም የእንስሳ መልክ የላቸውም፤ እንቁላል፣ ሞገድ ወይም ዋሻ የሚመስሉ፣ ውስጣቸው የተፈለፈለ ቅርፆች ናቸው። እነዚህ ቅርፆች ከየት መጡ ለሚል ጥያቄ መልሱ በአብዛኛው መልክዓ ምድር ነው፤ በልጅነቷ የዮርክሽር ኮረብታዎች፣ ከ36 ዓመቷ ጀምሮ ደግሞ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ የሚገኘው የኮርንዎል ባሕር ዳርቻ።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የልጅነት ሕይወት

ባርባራ በጥር 1903 በሰሜን እንግሊዝ ዌክፊልድ ከተማ ተወለደች። አካባቢው የሱፍ ፋብሪካና የድንጋይ ከሰል ማዕድን የበዛበት ነበር። አባቷ ኸርበርት ሄፕዎርዝ ሲቪል መሐንዲስ ሲሆን በዌስት ራይዲንግ አውራጃ አስተዳደር ይሠራ ነበር፤ በኋላም በ1921 የአውራጃው ዋና የመንገድና የድልድይ መሐንዲስ ሆነ። እናቷ ገርትሩድ ትባላለች። ባርባራ ከአራት ልጆች የመጀመሪያዋ ነበረች።

አባቷ መንገዶችን ለመመርመር ሲወጣ ልጁን በመኪናው ይዟት ይሄድ ነበር። በእነዚያ ጉዞዎች ስላየችው ነገር እስከ እርጅናዋ ድረስ ስትጽፍና ስትናገር ኖራለች። ኮረብታዎቹ ለእሷ በሩቅ የሚታይ ሥዕል አልነበሩም። መኪናው ዳገቱን ሲወጣና ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ መንገዱ ጉብታውን ሲዞርና ሸለቆውን ሲከተል፣ የመሬቱን ቅርፅ በእጇ እንደዳሰሰችው ያህል በሰውነቷ ይሰማት ነበር፤ መንገዱም የዚያን ቅርፅ ዳር የሚያሳይ መስመር ሆኖ ይታያት ነበር። ይህን ለመረዳት ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከሞጣ ወይም ከቢቸና ተነስቶ ደጀን ላይ ሲደርስ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ተሳፋሪ የገደሉን ጥልቀት የሚያውቀው በዓይኑ ብቻ አይደለም። የዓባይ ድልድይ ገና ሳይታየው፣ በየኩርባው ወደ ጎን የሚገፋው ሰውነቱ፣ የሚደፈነው ጆሮውና እየጨመረ የሚሄደው ሙቀት አስቀድመው ይነግሩታል። የሄፕዎርዝ ጥበብ የተነሳው ከዚህ ዓይነት እውቀት ነው።

በሰባት ዓመቷ ገደማ የትምህርት ቤቷ ርዕሰ መምህርት ስለ ጥንታዊ ግብፅ ቅርፃ ቅርፅ በፋኖስ ምስል የታገዘ ገለጻ ሰጥታ ነበር። ባርባራ ቀራፂ ለመሆን የወሰነችው ያን ቀን እንደሆነ በኋላ ተናግራለች።

ትምህርትና የጣሊያን ቆይታ

በ1920 በሊድስ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባች። እዚያም ካስልፎርድ ከምትባል ቅርብ ከተማ የመጣውንና በእድሜ ከአራት ዓመት በላይ የሚበልጣትን ሄንሪ ሙርን አገኘች። ሁለቱም በተከታዩ ዓመት ሎንዶን ወደሚገኘው የንጉሣዊ ሥነ ጥበብ ኮሌጅ ተዛወሩ፤ እሷ በ1924 በዲፕሎማ ተመረቀች። በዚያው ዓመት ለሮም ሽልማት ተወዳድራ በጆን ስኪፒንግ ተበለጠች፤ ሆኖም በሌላ የጉዞ ድጋፍ ወደ ጣሊያን ሄደች፣ ከስኪፒንግም ጋር በግንቦት 1925 በፍሎረንስ ተጋቡ።

ሮም ውስጥ ጆቫኒ አርዲኒ ከሚባል የዕብነ በረድ ጠራቢ ሥራውን ተማረች። አርዲኒ ዕብነ በረድ እንደያዘው ሰው እጅ ቀለሙን ይለውጣል ብሎ የነገራት ነገር በአእምሮዋ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቁሱን በጉልበት ከማሸነፍ ይልቅ የራሱን ጠባይ ማዳመጥ እንደሚገባ ታምን ነበር።

በዚያ ዘመን ብዙ ቀራፂዎች በሸክላ አነስተኛ ሞዴል ይሠሩና ድንጋዩን በዚያ ልክ የሚጠርቡት ሌሎች ባለሙያዎች ነበሩ። ሄፕዎርዝ፣ ሙርና ስኪፒንግ ግን ግንዱን ወይም ድንጋዩን ራሳቸው በቀጥታ መጥረብን መረጡ። ይህ አሠራር ለስህተት ቦታ የለውም፤ አንዴ የተነሳ ነገር ተመልሶ አይለጠፍም። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናቱን ከአለት የፈለፈሉት ሰዎችም የሠሩት በዚሁ ሕግ ነው፤ ሕንፃው የሚገኘው በመጨመር ሳይሆን በመቀነስ ነው።

ሎንዶን

ባልና ሚስቱ በስኪፒንግ ጤና ማጣት ምክንያት በ1926 ወደ እንግሊዝ ተመለሱ። በ1929 የመጀመሪያ ልጃቸው ፖል ተወለደ፤ ሄፕዎርዝም በርማ ከመጣ እንጨት የተኛ ሕፃን ቀረፀች። ይህ ሥራ ገና ግልጽ የሰው መልክ አለው። ከሁለትና ሦስት ዓመታት በኋላ ግን አንድ ትልቅ ለውጥ መጣ። ከአልባስጥሮስ በሠራችው ቅርፅ ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ከፈተች። ዛሬ ቀላል ነገር ይመስላል፤ በዚያን ጊዜ ግን ቅርፃ ቅርፅ ሙሉ አካል መሆኑ ቀርቶ በውስጡ ባዶ ቦታን፣ ብርሃንንና ከበስተኋላ ያለውን አገር ጭምር መያዝ ጀመረ ማለት ነበር። ያ የመጀመሪያው ሥራ በጦርነቱ ጊዜ ጠፍቷል። ቀዳዳውን ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ከሙር ጋር ስሟን ሲያነሳሳ ኖሯል፤ ለብዙ ዓመታት ጋዜጦች እሷን የሙር ተከታይ አድርገው መቁጠራቸው ግን ከሥራዎቹ ዘመን ጋር አይሄድም።

ከስኪፒንግ ጋር በ1933 ተፋቱ። ከሠዓሊው ቤን ኒኮልሰን ጋር መኖር ጀምራ ነበርና በጥቅምት 1934 ሳይመን፣ ሬቸልና ሣራ የተባሉ ሦስት ልጆችን በአንድ ጊዜ ወለደች። ለአንድ ሕፃን እንኳ በቂ ገንዘብ አልነበራቸውም። ሆኖም ሥራዋን አላቆመችም፤ ከወሊድ በኋላ የሠራቻቸው ቅርፆች ይልቁንም ከሰው መልክ ጨርሰው የራቁ፣ የሁለትና የሦስት አካላትን ርቀት፣ ክብደትና ገጽ የሚያነጻጽሩ ሆኑ። ከኒኮልሰን ጋር በ1938 በሕግ ተጋቡ።

ወደ ኮርንዎል መሄድ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊነሳ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በነሐሴ 1939 መጨረሻ፣ ቤተሰቡ ከሎንዶን ወጥቶ ካርቢስ ቤይ ወደሚኖሩ ወዳጆቻቸው ወደ ኤድሪያን ስቶክስና ማርጋሬት ሜሊስ ቤት ሄደ። ካርቢስ ቤይ ሴንት አይቭስ ከተባለችው የዓሣ አጥማጆች ከተማ አጠገብ ያለ መንደር ነው። ሄፕዎርዝ የቀረ ዕድሜዋን በዚያው አካባቢ ኖረች።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለቀራፂ እጅግ ከባድ ነበሩ። መሥሪያ ቦታም እንጨትም ድንጋይም አልነበራትም። ቀን ቀን ትንሽ መዋዕለ ሕፃናት ታስተዳድር፣ አትክልት ታለማና ልጆቿን ትንከባከብ ነበር። ማታ ልጆቹ ሲተኙ በወረቀት ላይ ሥዕል ትሥላለች፣ ከጄሶም ጥቃቅን ቅርፆች ትሠራለች። በ1940 የሠራቻቸው ነጭ ጄሶዎች ውስጣቸው ጥልቅ ሰማያዊ ተቀብቶ ቀይ ክር የተወጠረባቸው ናቸው። ክርና ቀለም በኋላ ወደ እንጨት ሥራዋ የገቡት ከዚህ ነው።

በ1942 ሰፋ ያለ ቤት አግኝተው ሲዛወሩ መሥሪያ ክፍል አገኘች፣ እንጨትም እንደገና መፈልፈል ጀመረች። መስኮቱ በቀጥታ ወደ ባሕሩ ያሳይ ነበር። የባሕር ወሽመጡ በግራም በቀኝም በምድር እጆች የታቀፈ ሲሆን በአንደኛው ጫፍ የመርከብ መብራት ያለባት ደሴት ትታያለች።

ከመስኮቱ በስተጀርባ ደግሞ ሌላ አገር አለ። ፔንዊዝ የሚባለው የኮርንዎል ጫፍ ዛፍ የሌለበት፣ ነፋስ የሚመታው፣ ግራጫ ጥቁር ድንጋይ ያፈጠጠበት ደጋ ነው። በዚያ ደጋ ላይ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የተተከሉ ድንጋዮች ቆመዋል፤ ሜን አን ቶል የሚባለው ደግሞ መሃሉ ላይ ክብ ቀዳዳ አለው። የጢያን ትክል ድንጋዮች ያየ ሰው በሰፊ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ድንጋይ እንዴት የሰው ያህል እንደሚሰማ ያውቃል። ሄፕዎርዝም እነዚህን የቆሙ ድንጋዮች በመልክዓ ምድር ውስጥ እንደቆመ ሰው ታያቸው ነበር። ቀዳዳ ያለው ቅርፅ ሜን አን ቶልን ከማየቷ በፊት ሎንዶን ሳለች የጀመረችው መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ኮርንዎል ያደረገው በእጇ የነበረውን ቅርፅ ከአንድ አገር ጋር ማገናኘት ነው።

የእንጨት ሥራዎች፦ ሞገድ፣ ፔላጎስና ፔንዱር

ከ1943 እስከ 1947 ያሉት አምስት ዓመታት በእንጨት ሥራዋ ከሁሉ የበለጠ ፍሬ የሰጡ ናቸው። በ1943 እና 1944 ከፕሌን ዛፍ የቀረፀችው ሞገድ የተባለው ሥራ፣ በ1944 ከኤልም ዛፍ የሠራችው መልክዓ ምድር፣ በ1946 ፔላጎስ፣ በ1947 ደግሞ በአካባቢው ባለ ትንሽ የባሕር ሰርጥ የተሰየመው ፔንዱር ተከታትለው ወጡ።

አሠራሩ ቀላልና አድካሚ ነበር። ሙሉ ግንድ ይቀርብና መጀመሪያ የውጭው ቅርፅ እየተጠረበ ይለሰልሳል። ከዚያ አፉ በታጠፈ መሮና በእንጨት መዶሻ ውስጡ ጥቂት በጥቂት ይፈለፈላል። እኛ አገር ሙቀጫ ወይም ከበሮ ከግንድ የሚያወጣ ሰው ይህን ሥራ በሚገባ ያውቀዋል፤ ዋንዛው ከውስጥ እየሳሳ ሲሄድ መሮው አንዴ ቢስት ግንዱ ይበሳል። የሄፕዎርዝ ልዩነት ውስጡ እንደ ዕቃ አንድ ወጥ ጎድጓዳ አለመሆኑ ነው። ግድግዳው እየዞረ፣ እየተጠማዘዘና በመካከል እየተከፈተ ይሄዳል። እንጨት ደግሞ ከተቆረጠ በኋላም ዝም አይልም፤ እርጥበት ሲጨምርና ሲቀንስ ያብጣል፣ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ቅርፁ በእንጨቱ የእድገት ክቦች መስመር እንዲሄድ ማድረግ ለውበት ብቻ ሳይሆን እንዳይሰነጠቅም ይረዳል።

ፔላጎስ በግሪክኛ ባሕር ማለት ነው። ቁመቱ ግማሽ ሜትር የማይሞላ፣ ከኤልም የተሠራ ክብ ነገር ነው። የእንጨቱ ሁለት ክንዶች እንደ ሞገድ ተጠቅልለው ሊገናኙ ሲሉ ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ክሮች ተወጥረዋል። ውጪው ቡናማ የእንጨት መልክ እንደያዘ ሲቀር ውስጡ ፈዛዛ ሰማያዊ ተቀብቷል። ሁለቱ ክንዶች ከመስኮቷ የምታያቸው የወሽመጡ ዳርቻዎች ናቸው። ቀለሙ በጎድጓዳው ውስጥ የውሃን፣ የዋሻንና የጥላን ጥልቀት እንዲያመለክት፣ ክሮቹም እሷ ከባሕሩ፣ ከነፋሱና ከኮረብታው ጋር የሚሰማትን ውጥረት እንዲያሳዩ መሆኑን ገልጻለች።

ይሁን እንጂ ፔላጎስ የወሽመጡ ካርታ አይደለም። አንድ ሰው ሥዕል ሊሥል ወጥቶ ያየውን ቢያሠፍር ራሱ ከሥዕሉ ውጪ ይቀራል። ሄፕዎርዝ ግን ኮርንዎል ውስጥ ተመልካች ብቻ መሆኗን እንዳቆመች፣ ራሷ በመልክዓ ምድሩ ውስጥ ያለች ቅርፅ እንደሆነች ትናገር ነበር። ስለዚህ በፔላጎስ ውስጥ ያለው ነገር በወሽመጡ መታቀፍ ነው። ከጦርነት ሸሽታ ሦስት ሕፃናት ይዛ የመጣች እናት በዚህ ቅርፅ ውስጥ መጠለያን ብታይ የሚያስገርም አይሆንም።

በ1944 ከልጆቿ አንዷ ሣራ በአጥንት ሕመም ሆስፒታል ገባች። በዚያ አጋጣሚ ከቀዶ ሐኪሙ ከኖርማን ኬፕነር ጋር ወዳጅነት ተመሠረተ፣ እሱም የቀዶ ሕክምና ክፍል ገብታ እንድትሥል ጋበዛት። ከ1947 እስከ 1949 የሠራቻቸው የሆስፒታል ሥዕሎች ከዚህ የመጡ ናቸው። የሐኪሞቹ እጅ እንቅስቃሴ ከቀራፂ እጅ ጋር ያለው ቅርበት ይስባት ነበር።

ትሬዊን፣ የፖል ሞትና ግሪክ

በመስከረም 1949 ሴንት አይቭስ መሃል ትሬዊን የተባለውን መሥሪያ ቦታ ገዛች። የአትክልት ቦታው ግድግዳ የከለለው በመሆኑ በውጪ አየር መሥራት ትችል ነበር። ከኒኮልሰን ጋር በ1951 ተፋቱ። በ1950 ሥራዎቿ በቬኒስ ቢየናሌ ቀረቡ፤ ትልልቅ ሥራዎችም መታዘዝ ጀመሩ። በዚህ ምክንያት ረዳቶችን ቀጠረች፤ ከእነሱም ዴኒስ ሚቸል አሥር ዓመት ያህል አብሯት ሠርቷል። በ1953 ስለ ሥራዎቿ በተሠራ አጭር ፊልም ቅርፆቿ ከክፍል ወጥተው በኮርንዎል ገደሎችና አሸዋ ላይ ተቀምጠው ይታያሉ።

በዚያው ዓመት በየካቲት፣ የእንግሊዝ አየር ኃይል አብራሪ የነበረው የበኩር ልጇ ፖል በታይላንድ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ለመታሰቢያው እናትና ልጅ የሚያሳይ የድንጋይ ቅርፅ ሠርታ ለሴንት አይቭስ ቤተ ክርስቲያን ሰጠች። ይህ ሥራ ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ሰው መልክ የተመለሰችበት ነው።

ሐዘኑ አድክሟት ስለነበር ወዳጇ ማርጋሬት ጋርዲነር በነሐሴ 1954 ወደ ግሪክ ይዛት ሄደች። ደሴቶቹንና ተራሮቹን እየወጣች በደብተሯ ማስታወሻ ትይዝ ነበር። ስትመለስ ያላሰበችው ነገር ጠበቃት፦ ከናይጄሪያ የመጣ 17 ቶን የጓሪያ እንጨት። ጓሪያ የምዕራብ አፍሪካ ዛፍ ሲሆን እንጨቱ ጠንካራ፣ ቀላ ያለና መልካም ሽታ ያለው ነው። እንዲህ ያለ ትልቅ ግንድ ከዚያ በፊት በእጇ ገብቶ አያውቅም።

ከዚህ እንጨት በግሪክ ቦታዎች የተሰየሙ ተከታታይ ሥራዎች ወጡ፤ ኮሪንቶስ፣ ደልፊ፣ ዴሎስና ፊራ ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ከሁሉ የሚታወቀው ኮሪንቶስ በ1954 እና 1955 የተሠራ ነው። ውጪው እንደ ተወለወለ ጥቁር ቀይ አለት ሲያበራ ውስጡ ነጭ ተቀብቷል፤ ዋሻው ከግንዱ አንድ ጎን ገብቶ እየተጠማዘዘ በሌላ ጎን ይወጣል። ተመልካች ዙሪያውን እስካልዞረ ድረስ መንገዱን አያገኘውም። የአፍሪካ ዛፍ፣ የግሪክ ፀሐይና የኮርንዎል ዋሻ በአንድ ግንድ የተገናኙበት ይህ ሥራ በዚህ ጽሑፍ ከተጠቀሱት ሁሉ ብርቱው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከፔላጎስ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ፔላጎስ በሁለት እጅ የሚታቀፍ ሲሆን ኮሪንቶስ ግን ሰው ሊገባበት የሚችል ይመስላል።

ነሐስና የተባበሩት መንግሥታት ሥራ

ከ1956 ጀምሮ በነሐስ መሥራት ጀመረች። ነሐስ ዝናብና ነፋስ ስለሚችል ቅርፆቹ በእውነተኛው መልክዓ ምድር ላይ እንዲቆሙ አስቻለ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ አትላንቲክ ውቅያኖስን ቁልቁል በሚያይ ትሬቫልጋን በተባለ ኮረብታ የተሰየመ ነው። እንጨትንም አልተወችም፤ በ1958 ከዩ ዛፍ የቀረፀችው፣ ከሰው ቁመት የሚበልጠው ናንጂዛል ስሙን ያገኘው ከኮርንዎል የባሕር ሰርጥ ነው። በ1959 በሳኦ ፓውሎ ቢየናሌ ታላቁን ሽልማት አሸነፈች።

የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ዳግ ሐመርሾልድ ሥራዋን የሚወድ ሰው ነበር፤ በ1930ዎቹ መጨረሻ ከሰንደል እንጨት የሠራችውን ነጠላ ቅርፅ የተባለ ቀጭን ሥራም ገዝቶ ነበር። ሐመርሾልድ በመስከረም 1961 በኮንጎ ጉዳይ ለሰላም ንግግር ሲጓዝ ንዶላ አጠገብ፣ በዛሬዋ ዛምቢያ፣ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ሄፕዎርዝ በዚያው ዓመት ከዎልነት እንጨት የቀረፀችውን ሥራ መስከረም የሚል ስም ሰጠችው። ከዚያ ሐሳብ የተነሳው 6.4 ሜትር ቁመት ያለው የነሐስ ነጠላ ቅርፅ በሰኔ 1964 ኒው ዮርክ በሚገኘው የድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ተመረቀ። ከትላልቅ ሥራዎቿ ሁሉ በሕዝብ ዘንድ የሚታወቀው ይህ ነው። በእጅ ከሚያዝ ሰንደል ተነስቶ እዚህ መድረሱን ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1965 ዴም የሚለውን የክብር ማዕረግ ተቀበለች። በዚያው ዓመት ካንሰር ተገኘባት፣ በ1967 ደግሞ የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። እንደ ቀድሞው በመሮ መሥራት ቢያቅታትም በረዳቶቿ አማካይነት ድንጋይና ነሐስ ማሠራቷን ቀጠለች። በ1968 የሴንት አይቭስ የክብር ነዋሪነት ተሰጣት።

ግንቦት 20 ቀን 1975 ማታ በትሬዊን በተነሳ ድንገተኛ እሳት በ72 ዓመቷ ሞተች። ቤቱና የአትክልት ቦታው በተከታዩ ዓመት ሙዚየም ሆነው ተከፈቱ፤ ከ1980 ጀምሮ በቴት ሥር ይተዳደራሉ። በትውልድ ከተማዋም በ2011 ሄፕዎርዝ ዌክፊልድ የተባለ የሥነ ጥበብ ማዕከል ተከፍቷል። በትሬዊን የአትክልት ቦታ ነሐሶቹ ራሷ ባስቀመጠቻቸው ቦታ በዛፎቹ መካከል ቆመዋል። በድንጋይ መሥሪያው ክፍል ውስጥ መዶሻዎቹ፣ መሮዎቹና ያልተጨረሱት ድንጋዮች እንደነበሩ ይታያሉ።